የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአሜሪካ ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ የራሳቸው ፉትቦል (ከእግር ኳስ የተለየው፣ በእጅ ጭምር የሚጫወቱት የአሜሪካ ጨዋታ)፣ ቅርጫት ኳስና ቤዝቦል ያላቸው አሜሪካውያን የስፖርት ወዳጆች የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ያደረጋቸው ምን ይሆን? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 የስርጭት መብቱን ከተረከበ ወዲህ ሁሉንም ጨዋታዎች ለተመልካች ማቅረቡ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ከዚህም በላይ፣ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት አብዛኞቹ ጨዋታዎች በምሥራቁ ጠረፍ ቅዳሜ ጠዋት ስለሚተላለፉ፣ ከቀትር ጀምሮ ከሚቀርበው የኮሌጅ ፉትቦል ጋር ብዙም አይጋጩም።

መልስ፦ ይህ እውነት ቢሆንም፣ እኔ ግን የማስታወቂያውን ጉዳይ አስቀድማለሁ። ፉትቦል ሲመለከት ስርጭቱ በየጊዜው ለሚቋረጥበት ሰው፣ 45 ደቂቃ ሙሉ ያለ ማስታወቂያ መከታተል እፎይታ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም አሜሪካውያን ከፕሪሚየር ሊጉ ሌላ የሚያዩትን እግር ኳስ፣ በተለይም የሴቶቹን፣ ዘነጋችሁ። አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 2 ያሸነፈችበትን እ.ኤ.አ. የ2015 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በፎክስ ቴሌቪዥን ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመልክተውታል፤ በስፓኒሽ የሚተላለፈው የሜክሲኮ ሊግም (ይህ ሁልጊዜ ይረሳል) እጅግ ብዙ ተመልካች አለው።