ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጠዋት ለምን ልነሳ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ ነኝ። ባለቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። ሙት ዓመቱ ካለፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። የጡረታውን ግማሽ አገኛለሁ፤ ችግሬ ብር አይደለም። በጠዋት ተነስቼ ፉል የምሠራው ለእሱ ነበር። አሁን ፀሐይ ሳትከር ገበያ መውጣት እንኳ አቃተኝ። እናንተ እንዴት ተነሳችሁ?

መልስ፦ አይዞዎት እትዬ። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። «ቤተ ክርስቲያን ሂጂ» ሲሏት ትናደድ ነበር፤ እዚያም አብረው ነበር የሚሄዱት። ያነሳት ዕድሩ ነው። ለቅሶ ቤት ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ገባች። ሽንኩርት እየላጡ ቢያለቅሱ ማን ይጠይቃል?

መልስ፦ ከሐረር ነኝ። እኛ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሰበሰብ አፎቻ አለን። ሴቶቹ አልተዉኝም። የአለላ ስፌቱን ግን ብቻዬን ጀመርኩት። ቶሎ አያልቅም፤ ደግነቱም እሱ ነው። የምነሳው ትናንት የጀመርኩት ስላለ ነው።

መልስ፦ ፉሉን አይተዉት! እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በጠዋት ፉል ፈላጊ ሞልቷል። ለምን አይሸጡም?

ጠያቂዋ፦ መሸጡስ ይቅርብኝ፣ የሰው አፍ አልችልም። ዕድሩን ግን እጠይቃለሁ። የሐረሯ እህቴ፣ አለላ ከየት ነው የምትገዢው?