የጉባኤው ፕሮፖዛል፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ፦
ሁለተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። አንብቡትና እስከ ዓርብ ማታ ጻፉ። ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው ይገባል። ርእሱ አልተቀየረም፤ ዘላቂ ትራንስፖርትና የተሽከርካሪ ምህንድስና፣ ጅማ፣ ሁለት ቀን። አንደኛው ቀን አዳራሽ ውስጥ ጥናት ይቀርባል። ሁለተኛው ቀን ገራዥ ውስጥ ሥልጠና ነው። ዓላማው ባለፈው በድምፅ ብልጫ ያለፈው ነው፤ አባሎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ሳይፈሩ መክፈት እንዲችሉ። ስለ ባነሩ ቀለም አንድም መልእክት ማየት አልፈልግም።

ገራዥ አጂፕ፦
ገጽ 4ን እዩ። «ኮስተር ኪራይ፣ ናፍጣን ጨምሮ» ይላል። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል አዳራሽ። ስለ ጭስ ሊያወራ የመጣን ሰው በጭስ ልናመላልሰው ነው? ይውጣ።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ኮስተሩ የገባው ርካሽ ስለሆነ ነው። የተሻለ ፕሮፎርማ ካለዎት ያምጡ።

ገራዥ አጂፕ፦
ስለ ዋጋ ማን አወራ? ነውር ነው ያልኩት።

ቆጪ ጎማ፦
ኮስተሩም ጎማ አለው፣ ኤሌክትሪኩም ጎማ አለው። እኔ ገለልተኛ ነኝ።

መምህር ኪቶ፦
ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። መግቢያው ስለ ዓለም ሙቀት ሁለት ገጽ ያወራል። ያንን የትኛውም ከተማ ይጽፈዋል። ለምን ጅማ ለሚለው ግን መልስ የለውም። በሱ ፈንታ ይሄ ይግባ። የነዳጅ ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ይሳሳበታልና። አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ ከሌለው በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። አሰብ ላይም ጅሬን ተራራ ጫፍም ጉልበቱ ያው ነው። ኃይሉም ከደጃችን ነው የሚመነጨው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ይዞ ከ1996 ጀምሮ አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ጥር ተነግሯል። ታዲያ እዚህ ያለው መካኒክ ነገ ምን ሠርቶ ይበላል? ጉባኤው የሚጠይቀው ይሄን ይሁን። ሦስት ዘርፍ ይበቃል፤ ዳገታማ ከተማ ላይ የባትሪ ፍጆታ፣ ባጃጅን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፣ የገራዥ ሙያተኛው ሽግግር።

ባትሪ ቤት፦
መምህር፣ ሦስተኛውን አንደኛ ያድርጉልኝ። በቀደም አንድ ደንበኛ ቻርጅ አልቀበል ያለች መኪና አመጣ። ኮፈኑን ከፍቼ ብርቱካናማውን ሽቦ ሳየው መልሼ ዘጋሁት። እዚያ ውስጥ ወደ 400 ቮልት አለ። 12 ቮልት ብልጭ ብሎ ቢያስደነግጥህ ተሳድበህ ታልፋለህ። ይሄ ለስድብ ጊዜ አይሰጥም። መኪናዋ በሎቤድ ተጭና አዲስ አበባ ሄደች። ምናልባት ፊውዝ ብቻ ነው የተበላሸው። ማጓጓዣው ከጥገናው በለጠ ብሎ ሰውየው እስካሁን ሰላምታ አይሰጠኝም። እኔ የምፈልገው 1,000 ቮልት የሚችል ጓንትና እጀታው የተሸፈነ መፍቻ ነው። ሌላው ደግሞ የሚያሳየኝ ሰው። የባትሪውን መስመር የሚቆርጠው ሰርቪስ ፕለግ ከተነቀለ በኋላም ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ውስጥ የቀረ ኃይል አለ። እንደ መኪናው አምስትም አሥርም ደቂቃ ይጠበቃል። ይሄን አጠገባችን ቆሞ የሚያሳይ ሰው ይምጣ እንጂ በኮስተርም ይምጣ በአህያ ግድ የለኝም።

ገራዥ አጂፕ፦
አህያ ቢያንስ ናፍጣ አትጠጣም። ገጽ 4 ይስተካከል።

ሀጂ መለዋወጫ፦
አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ አለው። 14 ሰው ይይዛል። ላናግረው?

ገራዥ አጂፕ፦
ይኸው! ሀጂ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

መምህር ኪቶ፦
ሀጂ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለ። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ዳገት ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። እሺ ደረሰ እንበል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። የሆቴል ሶኬት 220 ቮልት፣ 10 አምፒር ይሰጣል እንበል። 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው። ባዶውን ከደረሰ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ያውም መብራት ካልጠፋ።

ቆጪ ጎማ፦
ለመሸኘት ይደርሳል።

ሀጂ መለዋወጫ፦
ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ሾፌሩ ያውቃል። እናንተ ወረቀት ላይ ነው መኪና የምትነዱት።

ሒሳብ ያዥ፦
እና ያን ሁሉ መንገድ ባዶውን መጥቶ ባዶውን ሊመለስ? የሾፌር አበል አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። ኮስተሩ እዚሁ ጅማ ነው። ኤርፖርቱም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። አሁን በዚህ ነው ቀን የምንፈጀው?

ገራዥ አጂፕ፦
አዎ በዚህ ነው። ጋዜጠኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሳው ይሄን ነው።

የባጃጅ ተራ፦
አንድ ሰው ያነሳዋል ብዬ ዝም ብዬ ስጠብቅ ነበር። ልጆቻችን ቀይረው የሚነዷቸው የኤሌክትሪክ ባጃጆች አሉ አይደል? እንግዶቹን እነሱ ያምጡ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ከተማውም ያያል። የጅማ ሰው በቀን በቀን የሚሳፈረው ባጃጅ ነው። ረቂቁ ላይ ግን የተነሳው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም የመንገድ መጨናነቅ የሚወራበት አንቀጽ ውስጥ።

መምህር ኪቶ፦
ለማሳያ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከውጭ የመጣ ፕሮፌሰር ሻንጣውን አቅፎ በባጃጅ ይግባ ማለት ይከብዳል። የጅማ ዝናብም አለ።

የባጃጅ ተራ፦
ለምን ይከብዳል? እናትዎ መርካቶ በምንድን ነው የሚሄዱት?

መምህር ኪቶ፦
እናቴን ከዚህ ያውጡልኝ።

የባጃጅ ተራ፦
አምና ኤግዚቢሽኑ ላይም እንዲሁ ነው የተደረግነው። ድንኳኑን የተሸከምን እኛ፣ ፎቶ የተነሳ ሌላ።

ጸሐፊ፦
የድንኳኑ ነገር አይነሳ ተባብለን ነበር።

ገራዥ አጂፕ፦
ከተነሳማ እኔም አለኝ። የድንኳኑ ኪራይ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም።

ሒሳብ ያዥ፦
ደረሰኙን እስከ ዛሬ ያላመጡት ማን ናቸው፣ ጋሼ?

(የባጃጅ ተራ ከቡድኑ ወጥተዋል።)

ቆጪ ጎማ፦
ፈነዳ።

አዲሷ ኢንጂነር፦
የጥናት ጥሪውን ማን ይዞታል? ካልተያዘ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። በባጃጁ ጉዳይ ግን ሒሳቡን እንየው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት አምስት ፍሬ ይገጠማል። አንዱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። 150 ኪሎ መጣ፣ ማለትም ሁለት ሰው ሳይከፍል ተሳፍሯል። 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው ይባላል እንጂ ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ከግማሹ በላይ መጠቀም አይመከርም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቢሆን ያንኑ ያህል ሥራ በሲሶው ክብደት ወይም ከዚያ ባነሰ ይሠራል፣ ዋጋው ነው እንጂ። ስለዚህ ባጃጁን ለእንግዳ ማመላለሻ ብቻ አትዩት። ራሱ የጥናት ርእስ ነው።

ጸሐፊ፦
ተሰጥቶሻል። ሐሙስ እንጠብቃለን።

ባትሪ ቤት፦
የሞተው ሊድ ባትሪ የት እንደሚሄድም ይግባበት። አሲዱ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ከተደፋ ዘላቂ የምንለው ምኑን ነው?

መምህር ኪቶ፦
ይሄ ሐሳብ ወርቅ ነው። አራተኛ ዘርፍ አድርጉት።

ገራዥ አጂፕ፦
ስለ ገጽ 4 ግን መልስ አልተሰጠኝም።

ረቡዕ ማታ

(የባጃጅ ተራ ወደ ቡድኑ ተመልሰዋል።)

የባጃጅ ተራ፦
ሀጂ ደውለው ነው የመለሱኝ። ለሳቸው ስል ነው። አዲስ ሐሳብ አለኝ። እንግዶቹ መጀመሪያ ጅሬን ይውጡ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይጎብኙ። ከዚያ በኤሌክትሪክ ባጃጅ ሰልፍ እስከ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እንውረድ። ባንዲራ፣ ሙዚቃ፣ ሁሉም ነገር። ተራው ወጪውን ይችላል።

ሀጂ መለዋወጫ፦
ማሻአላህ። ይሄ ለከተማውም ክብር ነው።

ባትሪ ቤት፦
ኦቦ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ዳገቱን ሰው ጭኖ አይሞከር። ሞተሩም፣ ኃይሉን የሚመጥንለት ኮንትሮለርም ይግላል። ባጃጆቹ ባዶ ይውጡ፣ እንግዳ ቁልቁል ይጫን።

ቆጪ ጎማ፦
ቁልቁል ከሆነማ ባትሪውስ ምን ያደርጋል?

መምህር ኪቶ፦
ሳቁ። ግን ቁልቁል ላይ ነው የሚያስፈራው። የተጨመረውን ክብደት የሚያቆመው ፍሬን ያው የድሮው ነው። ከሰልፉ በፊት የሁሉም ፍሬን ሸራ ይታይ። ይሄን ካደረጋችሁ አልቃወምም።

ገራዥ አጂፕ፦
ፍሬኑን እኔ በነፃ አየዋለሁ። አሁን ነው ጉባኤ የመሰለው።

ሒሳብ ያዥ፦
ፕሮፌሰሮቹን በምን ነው ጅሬን የምናወጣቸው?

ገራዥ አጂፕ፦
በኮስተሩ።

ሒሳብ ያዥ፦
እ?

ገራዥ አጂፕ፦
ወደ ላይ ማን ያያቸዋል?

ሐሙስ

ሀጂ መለዋወጫ፦
የምሥራች። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያመጣ አንድ ነጋዴ አነጋግሬያለሁ። ስፖንሰር ይሆናል፣ ቲሸርትም ያሠራል። የሚፈልገው አዳራሹ ፊት መኪኖቹን ማቆምና አንድ ከሰዓት ማስተዋወቅ ነው። ቀረጡን ታውቃላችሁ። ተገጣጥሞ የመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5፣ ሙሉ ለሙሉ ተበትኖ የመጣ ዜሮ ነው። ሰውየውን በደንብ ካስተናገድነው መገጣጠሚያውን ጅማ ላይ ቢያቆምስ?

የባጃጅ ተራ፦
የኤሌክትሪክ ባጃጅም ይገጣጥም። ቦታ እናፈላልጋለን።

ገራዥ አጂፕ፦
መገጣጠሚያ ከመጣ የልጆቻችን እንጀራ ነው። ከሰዓቱ ይሰጠው።

ባትሪ ቤት፦
የትኛው ከሰዓት?

ጸሐፊ፦
የሁለተኛው ቀን።

ባትሪ ቤት፦
ሥልጠናው እኮ እሱ ነው።

ጸሐፊ፦
ጠዋቱ አለ።

ዓርብ

ጸሐፊ፦
የጥናት ጥሪው አልደረሰኝም። አዲሷ ኢንጂነር፣ የት አለሽ?

ሒሳብ ያዥ፦
ስልኳ አይነሳም።

ባትሪ ቤት፦
ሥራ አግኝታ አዳማ ሄዳለች ሲሉ ሰማሁ።

ቆጪ ጎማ፦
በምን ሄደች?

ጸሐፊ፦
መምህር፣ እርስዎ ይጽፉልን?

መምህር ኪቶ፦
ፈተና ላይ ነኝ፣ የማርመው ወረቀት ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ጥሪ ለማውጣትም፣ ጥናቶቹን ለማስገምገምም ወራት ይፈልጋል። ይሄን ከመጀመሪያው ጽፌዋለሁ፣ ያነበበው ያለ አልመሰለኝም። አሁን ባለው ጊዜ ሁለት ተናጋሪ ጋብዛችሁ ብታወያዩ ይሻላል። አንዱን እኔ አመጣለሁ።

ገራዥ አጂፕ፦
ታዲያ ሁለት ቀን ለምን? በአንድ ቀን እንጨርሰው። አልጋም ይቀንሳል።

ሒሳብ ያዥ፦
ይሄን ከሰኞ ጀምሮ ብትሉት ኖሮ። እደግፋለሁ።

ጸሐፊ፦
እሺ። ሦስተኛው ረቂቅ እንዲህ ነው፣ ማታ ይለጠፋል። አንድ ቀን። ጠዋት ከጅሬን እስከ ኪቶ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሰልፍ። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ሁለት ተናጋሪ፣ ምሳ። ከሰዓት የመኪና ማሳያና የመገጣጠሚያ ጉዳይ ውይይት። የባትሪና የአሲዱ ነገር በውይይቱ ይነሳል። የገራዥ ሥልጠናው ወደ ሁለተኛ ምዕራፍ ተላልፏል። ኮስተሩ እስከ ጅሬን ብቻ። ርእሱ እንዳለ ይቀጥላል።

መምህር ኪቶ፦
በዚህ ይዘት ምህንድስና የሚለው ምኑ ላይ ነው?

ሀጂ መለዋወጫ፦
መምህር፣ ቲሸርቱ ላይ ተጽፏል። ታዟል እኮ።

ባትሪ ቤት፦
ሁለተኛ ምዕራፍ መቼ ነው?

ጸሐፊ፦
ከአንደኛው በኋላ።

ባትሪ ቤት፦
ጓንቱስ? በጀቱ ላይ አጣሁት።

ሒሳብ ያዥ፦
ከሥልጠናው ጋር ተላልፏል።

ባትሪ ቤት፦
ሥልጠናው ይቅር እሺ። ሁለት ጥንድ ጓንት ብቻ ግዙ። መኪኖቹ ማሳያ ላይ ሲቆሙ አንዱ ልጅ ኮፈን ከፍቶ እጁን መስደዱ አይቀርም። የኛን ልጆች አላውቃቸውም እንዴ?

ገራዥ አጂፕ፦
ባትሪ ቤት ልክ ነው። ከቲሸርቱ ይቀነስ።

ሀጂ መለዋወጫ፦
ቲሸርቱ የስፖንሰሩ ነው። አይነካም።

ሒሳብ ያዥ፦
ሦስት ፕሮፎርማ ያምጣ። እስከ ሰኞ ጠዋት 3፡00።

ባትሪ ቤት፦
ጅማ ውስጥ አንድ ሱቅም አላገኘሁም፣ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ላምጣ?

ቆጪ ጎማ፦
እኔ ጋ የጎማ ጓንት አለ። ዕቃ ማጠቢያ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ፕሮፎርማ ከሌለ አይገባም። ሰኞ 3፡00 ብያለሁ።