የሰባት ቀኑ የባሕር ጉዞ፣ ረቂቅ 3፦ እስከ እሁድ አስተያየት ስጡ

ፀሐፊ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። የጀልባ ማኅበራችን ጉባኤ ካላጸደቀው የመጠባበቂያው ገንዘብ እንደማይለቀቅ ታውቃላችሁ። ሰባት ቀን፣ 140 የባሕር ማይል፣ በቀን 20። በ5 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 5 የባሕር ማይል፣ ከሄድን በቀን አራት ሰዓት ነው። አራት ሰው ጀልባዋ ላይ ይሆናል፣ ሁለት ሰው መኪናውንና ተሳቢውን ይዞ በየብስ ይከተላል። መጨረሻው ወደብ ላይ ከውሃ አውጥተናት በጎማ እንመለሳለን። ተሳቢ ላይ የምትጫን ባለሞተር የሸራ ጀልባ የገዛነው ለዚህ አይደል? ነፋስ ፊት ለፊት እየገረፈን ወደኋላ የምንለፋበት ምክንያት የለም። የጎደለው ሦስት ነገር ነው፦ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ፣ የነዳጅ ስሌት፣ የመዋጮው ክፍፍል። የአምናውን ጎማ የሚያነሳ ሰው እንዳላይ።

እኔ አለሁ፦ ሰንጠረዡን ለእኔ ተዉት። ሐሙስ ማታ እዚሁ ታገኙታላችሁ። ጣጣ የለውም።

መልህቅ፦ ነዳጁን ሠርቼዋለሁ። ሁለት ጋን አለን፣ እያንዳንዱ 45 ሊትር፣ በድምሩ 90። ባለ 50 ፈረስ ጉልበቱ ሞተራችን ጋዙን እስከ መጨረሻ ከሰጡት በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በአምስት ሰዓት ጋኖቹ ደረቁ ማለት ነው። በዝግታ ከሆነ ግን ከዚያ ሩቡን ብዙም አያልፍም። የሚዛን ውሃዋን፣ ያው እንዳትገለበጥ ሆዷ ውስጥ የምናስገባውን፣ ሞልተን ከ6 ኖት በላይ ስንገፋት ደግሞ የራሷን ማዕበል እንደ ዳገት ነው የምትወጣው። ቤንዚኑ ያልቃል እንጂ እሷ ብዙም አትፈጥንም። ስለዚህ 5 ኖት ይበቃናል። አንዱ ሲሶ ለመሄጃ፣ አንዱ ሲሶ ለመመለሻ፣ አንዱ ሲሶ አይነካም። ፀሐፊው «መመለሻው በጎማ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ሲሶ እንዳያቃጥለው። ወደቡ አፍ ላይ ማዕበል ሲሰበር ካገኘን ዞረን የምንመጣው በእሱ ነው።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ይቅርታ፣ ይሄ የነዳጅ ማኅበር ነው ወይስ የጀልባ? ነፋሱ በቦፎርት የነፋስ መለኪያ 4 ሲነፍስ፣ ማለትም ከ11 እስከ 16 ኖት፣ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው። ረቂቁ ላይ «በሸራ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ ቆጠርኩ። አንድም ጊዜ የለም።

መልህቅ፦ እሱ ሲነፍስ ማን ከለከለህ? እኔ የማወራው ጠዋት ጠዋት 4 ኖት እንኳ ስለማይሞላው ነፋስ ነው። ያኔ ዋናውን ሸራ ሰቅለን ሞተሩን በዝግታ እናስነሳለን። ሞተሩ ይገፋል፣ ሸራው ደግሞ ግራ ቀኝ መዋዠቋን ይቀንስልናል። ባለሞተር የሸራ ጀልባ ማለት ይሄ ነው። አምስት ዓመት አብረን ቆይተን ዛሬ ነው የሰማኸው?

ሕገ ባሕር፦ ሸራና ሞተር አንድ ላይ የሚሠራ ከሆነ ሾጣጣው የታለ? ረቂቅ 1 ላይ አላየሁትም። ረቂቅ 2 ላይ አላየሁትም። አሁንም የለም።

ግራሶ፦ የምን ሾጣጣ?

ሕገ ባሕር፦ የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ፣ አንቀጽ 25። ሸራ ዘርግቶ በሞተርም የሚሄድ ጀልባ ቀን ላይ ከፊት በኩል፣ በደንብ በሚታይበት ቦታ፣ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጥቁር ሾጣጣ ይሰቅላል። ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ነው። ዛሬ የወጣ አይደለም።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ጋሼ፣ ከባሕር ተለይቼ አላውቅም። ያንን ነገር የሰቀለ ጀልባ አንድም አላየሁም። አንድም!

ሕገ ባሕር፦ ቀይ መብራት የሚጥስ ስለበዛ መብራቱ ይነቀል ትላለህ?

ግራሶ፦ የእኛዋ እኮ 8 ሜትር አትሞላም። ትንንሾቹ ነፃ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሕገ ባሕር፦ የሰማኸው የአሜሪካኖችን የውስጥ ውሃ ደንብ ነው። እዚያ ከ12 ሜትር በታች ያለውን አያስገድዱም። በዓለም አቀፉ ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ስንት ያስወጣል? ከየትኛው ሂሳብ ነው የሚወጣው? ከጥገና ነው ከተባለ አይቻልም፣ ጥገናው ባዶ ነው። ከጉዞው ነው ከተባለ ደግሞ የማይጓዙት ስምንት ሰዎች ለሰው ሾጣጣ ለምን ይከፍላሉ?

ነፋስ አሳዳጅ፦ እሰይ! እሷ ገባት።

ገንዘብ ያዥ፦ አንተን ደግፌ አይደለም። ያንተም ያለፈው ዓመት መዋጮ ግማሹ አልገባም።

ሕገ ባሕር፦ መጠኑም ተጽፏል። ግርጌው ከ60 ሳንቲም አያንስም፣ ቁመቱም ያንኑ ያህል።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ስልሳ ሳንቲም! የፊት ሸራዬ በየት በኩል ሊዞር ነው? ነፋሱ ሲነሳ ያ ነገር እየተወዛወዘ ሸራውን ይቀደዋል። ያኔ ሸራው ከየትኛው ሂሳብ ይገዛል?

መልህቅ፦ ከ20 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ እንደ ቁመናው አነስ ያለ መስቀል ይቻላል፣ ያው ደንብ ነው ያለው። ጋሼ ያንን መስመር ዘለሉት።

ሕገ ባሕር፦ አልዘለልኩም። ልደርስበት ስል ነው የተጮኸብኝ።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ማንም አልጮኸም። ግን ዕቅድ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ካልተቃወሙ እንቅልፍ አይወስድዎትም።

ሕገ ባሕር፦ እንቅልፍማ ይወስደኛል። አምና የጀልባ ማውረጃው አጠገብ ኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር የሸራውን ምሰሶ ልታቆም ስትል የጮኸው ማን ነበር? ምሰሶው አሉሚኒየም፣ ገመዶቹ ብረት፣ አንተ ጫማህ ርጥብ። ያኔም «ማንም እዚህ ነው የሚያቆመው» ነበር ያልከኝ። አንድም አላየሁም፣ ማንም እንዲህ ነው... ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ። የዚያን ቀን ባልጮህ ዛሬ ስለ ሸራህ የምትከራከር ይመስልሃል?

ፀሐፊ፦ ጎበዝ፣ እባካችሁ። ይሄ ሁሉ መልስ ስለ አንድ ጥቁር ነገር። መዋጮው ላይ እስካሁን አንድ ሰው አልተናገረም።

ግራሶ፦ እኔ ልናገር፣ ግን ስለ መዋጮ አይደለም። አታንሱ ያልከውን ላነሳ ነው።

ፀሐፊ፦ ግራሶ።

ግራሶ፦ ሰው ይስማው። አምና ሦስት ሰዓት በመኪና ተጉዘን ደረስን። የተሳቢው ጎማ እምብርት፣ ኩሽኔታው ያለበት መሐሉ፣ ግሎ እጅ አያስነካም ነበር። ትንሽ ይቀዝቅዝ አልኩ። «ሙላቱ ያልፈናል» ተባልኩ፣ ተሳቢውን በቀጥታ ጨው ውሃ ውስጥ አስገባችሁት። የጋለ እምብርት ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ በላስቲክ መዝጊያው በኩል ውሃ ስቦ ያስገባል። ግራሶው ነጭ ወተት መሰለ። የቀረውን ታውቃላችሁ፦ ኩሽኔታው ነከሰ፣ ሌሊቱን መንገድ ዳር አደርን። ያን ቀን ማን እንደነዳ አልናገርም። ግን ረቂቁ «በጎማ እንመለሳለን» ይላል። በየትኛው ጎማ? የአንዱን ጎን ነው የቀየርኩት። ሌላው ያው አምና ጨው የጠጣው ነው።

ፀሐፊ፦ የነዳሁት እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩት። ሙላቱ ሊያልፈን የነበረው ግን እናንተ አንድ ሰዓት አርፍዳችሁ ስለመጣችሁ ነው።

ግራሶ፦ ያረፈድነው ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጋንቾ ላይ ክብደቱ ስላነሰ ነው። መልህቁንና ጀሪካኖቹን ሁሉ ከኋላ ጭናችሁ ተሳቢው እንደ እባብ መንገዱን ሲጠርግ እያየሁ ዝም ልበል? አውርዶ ወደፊት መጫን ጊዜ ይፈጃል።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ጋሼ፣ የሽቦው ነገር እውነት ነው። በሰው ፊት ስላነሱት ተናድጄ ነው እንጂ እውነት ነው። ሾጣጣውን ግን አሁንም አልሰቅልም።

ሕገ ባሕር፦ ይሁን። እኔም በሰው ፊት ማንሳት አልነበረብኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። ሰንጠረዡስ?

ፀሐፊ፦ «እኔ አለሁ» የት ነህ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩም አይነሳም።

መልህቅ፦ ያለ ሰንጠረዡ ሰባት ቀን ብሎ ነገር የለም። የመጨረሻው ወደብ ማውረጃ ከግማሽ ሙላት በታች ጭቃ ነው። ለአዲሶቹ ላስረዳ፦ ባሕሩ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሲሞላ በየሰዓቱ እኩል አይጨምርም። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለ12 ክፈሉት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ልዩነቱ 4 ሜትር ከሆነ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት አንድ አንድ ሜትር ይጨምራል። ሲጎድልም እንደዚያው ነው። ግማሹን አልፎ ከዘገየን ውሃው እያየነው ከሥራችን ይሄዳል። መልህቅ ስንጥልም ያው ስሌት ነው። 3 ሜትር ላይ ጥላችሁ ስትነቁ 6 ሜትር ብታገኙትስ? የሚለቀቀው ርዝመት ለሰንሰለት የጥልቀቱ አምስት እጥፍ፣ ለገመድ ሰባት እጥፍ የሚባለው በሙላቱ ጥልቀት እንጂ መልህቅ በጣላችሁበት ሰዓት አይደለም። የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው ያለው ከፍታም ይደመራል።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ወደ ሦስት ቀን እናሳጥረውና ሰንጠረዡን አንቺ ሥሪው።

መልህቅ፦ ነዳጁን ሠራሁ፣ መልህቁን ሠራሁ። ሌላ እጅ ያለው ሰው የለም?

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡን ላውጣና ተኙ። ግራሶ የጠየቃቸው ዕቃዎች፦ ሁለት ሙሉ እምብርት ከነኩሽኔታው፣ አንድ መለዋወጫ ኩሽኔታው ተገጥሞለት ግራሶ የተሞላ፣ የፍሬን ጫማ፣ በንጹህ ውሃ ማጠቢያ ፖምፓ። ይሄ ብቻ የመጠባበቂያውን ሁለት ሲሶ ይበላል። የቀረው ለሰባት ቀን አይበቃም። የወደብ ክፍያው እንኳ አይወጣውም። ወይ ተሳቢው ወይ ጉዞው። እኔ ሁለቱንም አልፈርምም።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ታዲያ በየብስ ተከታይ ባይኖርስ? ሄደን በባሕር እንመለስ። ተሳቢው ቤቱ ይቀመጥ።

ግራሶ፦ ወደ ውሃው በምን ልታደርሳት ነው? በትከሻህ? ባዶዋን እንኳ ከቶን በላይ ናት። የሚዛን ውሃው ሲጨመር ሌላ ግማሽ ቶን አለ። በነገራችን ላይ ስትወጣ ያንን ውሃ ማውረጃው ላይ ካላፈሰሳችሁት ተሳቢው አይችለውም፣ አምናም ቫልቩን ረስታችሁት ነበር። ግማሹ ፈሶ ግማሹ ሲቀር ደግሞ ባሕር ላይ የባሰ ነው፣ ውሃው ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ይገለብጣታል። ወይ ሙሉ ወይ ባዶ።

መልህቅ፦ ይሄኛው ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ከሾጣጣው በፊት።

ሕገ ባሕር፦ ከሾጣጣው ጋር።

ፀሐፊ፦ ረቂቅ 4። ሌሊት ነው የጻፍኩት፣ ስህተት ካለ ታገሡኝ። አንደኛ፣ የተሳቢው ሁለቱም እምብርቶች ይቀየራሉ፣ ግራሶ ይመራዋል። ሁለተኛ፣ እምብርቱ በእጅ ተዳስሶ ካልቀዘቀዘ ተሳቢው ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ሙላቱ ቢያልፍም እንኳ። ይሄን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሦስተኛ፣ ምሰሶ የሚቆመው ወደ ላይ ታይቶ ነው። አራተኛ፣ የሚዛኑ ውሃ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። አምስተኛ፣ ሁለት ቀን የሙከራ ጉዞ፣ ከባሕረ ሰላጤው ሳንወጣ። ርዕሱን «የተሳቢ ጥገናና የሙከራ ጉዞ» ብዬዋለሁ። ጉባኤው የሰባቱን ቀን ረቂቅ ካየ ሰንጠረዡ የታለ ይለናል።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ሰባት ቀን ብለን ጀምረን ጎማ ገዛን።

ገንዘብ ያዥ፦ የማይጓዙትም ይስማማሉ፣ ተሳቢው የሁሉም ነው። መዋጮው እኩል። ያለፈው ዓመት ግማሽ ያለበት ሰው መጀመሪያ ያንን ያግባ።

ሕገ ባሕር፦ ሁለት ቀንም ቢሆን ሸራና ሞተር አንድ ላይ ከሠሩ...

ነፋስ አሳዳጅ፦ ገብቶኛል ጋሼ፣ ገብቶኛል። ከጀልባዋ አልጋ ወለል ጥገና የተረፈ ኮምፔንሳቶ ቤት አለኝ። ሁለት ሦስት ማዕዘን ቆርጬ አንዱን በአንዱ ውስጥ በመስቀል ካሰካኋቸው ከሩቅ ሾጣጣ ይመስላሉ፣ ሲፈቱም ጠፍጣፋ ሆነው ይቀመጣሉ። ሠላሳ ሳንቲም። ከዚያ አላልፍም። ከየትም ሂሳብ አታስገቡት።

እኔ አለሁ፦ ሰላም ጎበዝ፣ ትንሽ ጠፋሁ። ሰንጠረዡ የየትኛው ወር ነበር?

ገንዘብ ያዥ፦ ተወው።

ነፋስ አሳዳጅ፦ ጥቁር ቀለም ያለው ሰው አለ?

ግራሶ፦ የተሳቢውን ቸርኬ የቀባሁበት ተርፏል፣ ግማሽ ቆርቆሮ። እሁድ ስትመጣ ኩሽኔታውን ትረዳኛለህ፣ ያኔ ትወስደዋለህ።