የ1844 ደብዳቤ፦ ልጁ ወደ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ሄደ?

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የባለቤቴ ቅድመ አያቶች የቬርሞንት ገበሬዎች ነበሩ። አንዱ ልጃቸው ኦሃዮ ሄዶ ሰፈረ። ለአባቱ የላካቸው ደብዳቤዎች አሁን እጄ ላይ ናቸው።

ያስቸገረኝ በ1844 (በፈረንጆቹ) የተጻፈው ነው። ልጁ በባርነት ምክንያት ሜቶዲስቶችን (አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት ናቸው) ትቶ እንደወጣ ይናገራል። ባሪያ ስላለው ጳጳስ በምሬት ያነሳል። የጆርጂያው ጄምስ አንድሩ መሆን አለበት፤ የዚያ ዓመት የሜቶዲስቶች የኒው ዮርክ ጉባኤ የተከራከረው በእሱ ጉዳይ ነው። ከዚያ አባቱን በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ የዊግ ፓርቲውን እጩ ሄንሪ ክሌይን ትቶ፣ ባርነትን የሚቃወመውን የነጻነት ፓርቲ እጩ ጄምስ በርኒን እንዲመርጥ ይለምነዋል። ልመናው አንጀት ይበላል። አባቱን በጣም ያከብራል፤ ግን ለነፍሱ ይፈራለታል። ለዚህ ልጅ ምርጫና ጸሎት አንድ ጉዳይ ናቸው።

የተያዝኩት እዚህ ጋ ነው፦ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። ባርነትን በመቃወም ከሜቶዲስቶች ተለይተው በ1843 ዩቲካ (ኒው ዮርክ) ላይ የተመሠረቱትን ዌስሊያን ሜቶዲስቶች እጠረጥራለሁ። ባርነትን ይቃወሙ የነበሩት ኩዌከሮችም (ሌላ የክርስቲያኖች ማኅበር ናቸው) ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱ ምናልባት በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ፤ ግን ወረቀቱን አዙሮ በተጻፈው ላይ አግድም ጽፎበታል። ያኔ ከ400 ማይል በላይ ለሚሄድ ደብዳቤ በአንድ ወረቀት 25 ሳንቲም ይከፈል ስለነበር መቆጠቡ ነው።

እንዲህ የተደራረበ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል? የኦሃዮ ገጠር ቤተ ክርስቲያናት የድሮ የአባላት መዝገብስ የት ይገኛል? የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።