ጽሑፍ ማረም ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጓደኞቼን ጽሑፍ ማየት እወዳለሁ፤ የፊደል ግድፈት ቶሎ ይታየኛል። ሰሞኑን ግን አንድ ሃያ ገጽ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤ "ንጹሕ ነው" ብዬ መለስኩ። ታትሞ ሲወጣ ርእሱ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ጓደኛዬ አምኖኝ ነበርና በጣም አዘንኩ። ሥራውን በደንብ መማር እፈልጋለሁ። አርትዖትና እርማት አንድ ናቸው? ከየትኛው ልጀምር?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ ርእስ ላይ ስሕተት የሚያመልጠው ብዙ ሰው ነው። ዓይናችን ትልቁን ጽሑፍ "አውቀዋለሁ" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ርእሶችን፣ የሥዕል መግለጫዎችንና የገጽ ቁጥሮችን መጨረሻ ላይ ለብቻቸው አያቸዋለሁ።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አርትዖት ሐሳቡን ይነካል፦ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው? ይህ አንቀጽ ያስፈልጋል? ዓረፍተ ነገሩ ይገባል? እርማት ደግሞ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ክፍተት። አንቺ ሁለቱን በአንድ ንባብ የሞከርሽ ይመስለኛል። ሐሳብ እየተከተልሽ ፊደል አይታይሽም። መጀመሪያ አርትዖቱን ጨርሺ። ነገ የሚሰረዝ አንቀጽ ላይ ፊደል ስትለቅሚ አትዋዪ።

መልስ 2፦
በአማርኛ እኔን ብዙ የሚያደክመኝ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነው። ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ ጸሐፊው እዚያ እስኪደርስ ባለቤቱን ይረሳዋል። ይህን እዪ፦ "ተማሪዎቹ ለወራት የደከሙበት ጥናት ትናንት ቀረቡ።" የቀረበው ማን ነው? ጥናቱ። ስለዚህ "ቀረበ" ነው የሚባለው። መጀመሪያ ላይ ያለው "ተማሪዎቹ" ነው ያሳሳተው። ዓረፍተ ነገር ሲረዝምብሽ ከግሱ ተነሺና "ማን?" እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ።

እግረ መንገድሽን "ቃላቶች"፣ "መምህራኖች" የሚሉትን ልቀሚ። ቃላት፣ መምህራን ራሳቸው ብዙ ቁጥር ናቸው። የተንዛዛውንም አሳጥሪ። "በጉዳዩ ዙሪያ ውይይት ማድረግ ችለዋል" ከማለት "በጉዳዩ ላይ ተወያዩ" ይሻላል።

መልስ 3፦
ኮምፒውተር ላይ ከሠራሽ አራት ነጥቡን ፈትሺ። ። አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፦ ፡፡ ሲያዩት ያው ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ግን አንድ አይደሉም። "ፈልግና ተካ" በሚለው ትእዛዝ አንዴ ታስተካክይዋለሽ። ሞክሼ ፊደላትንም፣ እንደ "ዓ" እና "አ" ድምፃቸው አንድ የሆነውን፣ አስቢ። ብዙ ጊዜ "ዓለም" ብለሽ ስትፈልጊ "አለም" አይመጣልሽም። ሁለቱንም ፈልጊ።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ታዲያ "ዓለም" ልበል ወይስ "አለም"?

መልስ 2፦
አሳታሚው የአጻጻፍ መመሪያ ካለው እሱን ተከተይ። ከሌለው ከጸሐፊው ጋር አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ይሁን። የመረጣችሁትን፣ የሰዎቹንም ስም ጭምር፣ አንድ ወረቀት ላይ እየጻፍሽ አጠገብሽ አድርጊው። ፊደሉ ትርጉም የሚለይበት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። "ሠዓሊ" ሥዕል የሚሥል ነው፤ "ሰአሊ" በግዕዝ "ለምኚ" ማለት ነው።

መልስ 4፦
ጮክ ብለሽ አንብቢ። ጽሑፋችን ጥብቀትና ላልነት አያሳይም። "ልጁ ይሰማል" የሚለውን ሳላላ ልጁ ራሱ ይሰማል፣ ሳጠብቅ ድምፁ ለሌላው ይሰማል። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢም ይደናቀፋል። እንደዚህ ያለ ቦታ ስታገኚ ደግሞ ዝም ብለሽ አትቀይሪ። ጠርዙ ላይ "ይህን ማለትህ ነው?" ብለሽ ለጸሐፊው ጻፊለት። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ አንቺ ስለማትወጂው ብቻ ቃሉን አትንጠቂው።

ጠያቂዋ፦
የጓደኛዬን ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል ዛሬ ከግሱ ተነሥቼ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ሁለት ስሕተት አገኘሁ፤ ሁለቱንም ጠርዙ ላይ ጠየቅኩት። ርእሶቹን ነገ ለብቻቸው አያቸዋለሁ።