«አምባራዳን» ምን ማለት ነው? ከሮም የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ

ሰላም ቃል ወዳጆች። አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። ቃሉን ያገኘሁበትን ቀን ካልነገርኳችሁ ግን ጥያቄዬ አይገባችሁም።

ሮም ከገባን አራት ወራችን ነው። ያለፈው እሁድ ወረፋ የሌለበት፣ ፎርም የማንሞላበት የመጀመሪያው ቀናችን ነበር። ጠዋት የቀሩትን ካርቶኖች ደረጃው ላይ አውጥተን ዕቃ እየለየን ነው። ምጣዱ፣ የልጆቹ ጫማ፣ ብርድ ልብሱ፣ የበርበሬው ፌስታል፣ ሁሉም ተዘርግፏል። ጎረቤታችን ዕድሜያቸው የገፋ ሲኞራ ናቸው። በራቸውን ከፍተው አዩንና አጨብጭበው «ኬ አምባራዳን!» አሉ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን እየሳቁ ገቡና ለልጆቹ ከረሜላ ይዘው ወጡ። ባለቤቴ ጠጋ ብሎ «አምባጓሮ ነው እንዴ ያሉት? ጮኽን እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ቡና ልንጠጣ ወጣን። ቡና ቤቱ በር ላይ እንደደረስን አስተናጋጁ ለትንሹ ልጄ «ቻው!» አለው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማሚ፣ ሂዱ አለን እኮ!» እኛ ቻው የምንለው ስንለያይ ነው። እነሱ ሲገናኙም ይሉታል። እኔ ማኪያቶ አዘዝኩ። የመጣልኝ አንዲት ትንሽ ስኒ፣ ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ ጠብታ የምታህል የወተት አረፋ። ማኪያቶ በቋንቋቸው «ነጥብ ያረፈበት» ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ወተቱ ሞልቶ፣ አረፋው ከብርጭቆው በላይ ብቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ባንኮኒው ግን ያው ባንኮኒ ነው።

ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ከሳን ጆቫኒ ባዚሊካ ቁልቁል በእግር ወረድን። የ11 ዓመቷ ልጄ የየመንገዱን ስም ካላነበበች አታልፍም። «እዚህ ስንት ፒያሳ ነው ያለው?» እያለች ስትቆጥር ቆየች። አንድ ግድግዳ ሥር ስትደርስ ቀስ ብላ አነበበች። «ቪያ ዴል አምባ አራዳም። ማሚ፣ አምባ የኛ ቃል አይደለም?» ሁላችንም ቆምን። የሲኞራዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መልሶ መጣ።

ከዚያ ፖርታ ካፔና ድረስ ሄድን። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት። ባለቤቴ ለልጆቹ ቦታውን አሳያቸው። «በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ» ሲላቸው ትንሹ «በእግሩ?» አለ። ጄላቶ በልተን፣ ጸሐይ ሞቀን፣ ሲመሻሽ ተመለስን።

እና የሲኞራዋ ቃልና የመንገዱ ስም አንድ ናቸው ወይ? ከአምባጓሮስ ጋር ይገናኛል? በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ

እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። አንድ ናቸው። አምባ አራዳም እንደርታ ውስጥ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለ ተራራ ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ከወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ ከማርሻል ባዶሊዮ ጦር ጋር የገጠሙት እዚያ ላይ ነው። ሠራዊታችን ሲያፈገፍግ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ራስ ሙሉጌታም በዚያው ማፈግፈግ ላይ ወደቁ። ጣሊያኖች የተራራውን ስም ለመንገድ ሰጡት። በአፋቸው ላይ ደግሞ ሁለቱ ቃላት ተጋጠሙ፣ መጨረሻ ላይ ያለው «ም» «ን» ሆነ፣ አምባራዳን ተባለ። ዛሬ ትርጉሙ የተዘበራረቀ ነገር ነው። «ቱቶ ላምባራዳን» ሲሉ ደግሞ «ያ ሁሉ ጓዝ» እንደማለት ነው። ሲኞራዋ ክፉ አላሰቡም። ብዙ ጣሊያናዊ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳያስበው ነው የሚያድገው።

ልጆቹ ግን ይወቁት። አምባ በኛ ዘንድ መጠጊያ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው «ዓለቴ፣ አምባዬ፣ መድኃኒቴ» ይላል። ሰው ነፍሱን ሊያተርፍ የወጣበት ተራራ፣ ባሕር ሲሻገር የዝርክርክ ዕቃ መጠሪያ ሆነ። እኔን ይህ ነገር በሰማሁት ቁጥር ያመኛል።

«ራስ»ም እንደዚሁ ተሻግሯል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፋሺስት ፓርቲ የየከተማው አለቆች «ራስ» ይባሉ ነበር። አሁንም በጣሊያንኛ በሰፈሩ እንዳሻው የሚያዝ ጉልበተኛ ማለት ነው። በኛ አገር ማዕረግ የነበረው፣ እዚያ ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሌላ መልስ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ነው ቶሪኖ የመጣሁት። ቋንቋውን አንድም አላውቅም ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ አለቃዬ ካቻቪቴ አምጣ አለኝ፤ ካቻቢቴውን አቀበልኩት። ኮፋኖ አለ፤ ከፈትኩ። ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ያስቸገረኝ ፖርታባጋሊ ነው። እኛ ፖርቶመጋላ ብለን ስለለመድነው ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ጣሊያንኛ ነው የምችለው ብዬ አላስብም። የምናገረው የጋራዥ አማርኛ ነው። እነዚህን ቃላት ያስተማረኝ የመርካቶ መካኒክ ነው፤ ጣሊያን አይደለም።

ሌላ መልስ

ስለ አምባጓሮ ማንም አልመለሰም። አምባጓሮ ጠብ ነው፤ ግብግብና ጩኸት ያለበት። ተጣዪ ይፈልጋል። አምባራዳን ተጣዪ አይፈልግም፣ የተዘረገፈ ካርቶን ይበቃዋል። ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ ዘመድ አናድርጋቸው።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው «ትርምስ» ይልሻል። እኔ አልስማማም። ትርምስ ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር ይፈልጋል። ግርግርም ያለ ሰው አይሆንም። ደረጃ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ምጣድና ብርድ ልብስ አይተራመስም። ለዚህ ያለን ቃል «ቅጥ አምባሩ የጠፋ» ነው። ቅጥ መልክ ነው፣ ልክ ነው፣ የነገር ወግ ነው። ቤቱ ቅጥ አምባሩ ጠፋ ስንል የቱ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም ማለታችን ነው። እናቴ ከሠርግ ማግስት ጓዳውን አይታ የምትለው ይህንኑ ነበር። አምባሩ የእጅ አምባር እንጂ የተራራው አምባ አይደለም። ቢሆንም በትርጉምም በድምፅም ከሲኞራዋ ቃል አጠገብ የሚቀመጥ ሌላ አላገኘሁም። ከነሱ ምንም ሳንበደር የራሳችን አለን።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ሙሉውን ነገርኳት። እሷ ደግሞ ጣሊያንኛዋ ከኔ ስለሚሻል ለሲኞራዋ ነገረቻቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ቃል እንደሆነ፣ የተራራ ስም መሆኑን ግን ማንም እንዳልነገራቸው አጫወቷት። ራስ ሙሉጌታ ልጆች ነበሯቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ልጃቸውም በዚያው ጦርነት መሞቱን ባለቤቴ ነገራቸው። ዝም አሉ።

ትናንት የትንሹ ብስክሌት ደረጃው ላይ ተጋድሟል፣ አጠገቡ ቦርሳው፣ አንድ ካልሲ። ሲኞራዋ በራቸውን ከፈቱ። እጃቸውን አነሱ፣ «ኬ…» ብለው ቆም አሉና ልጄን አዩዋት። «ኪት አምባር» አሉ። ቅ እና ጥ አልወጣላቸውም። አምባሩ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።