የአቶ ዮና ቦጋለ መታሰቢያ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) የማኅበረሰብ መሪ ለነበሩት ለአቶ ዮና፣ እዚህ እስራኤል ለምናቆመው መታሰቢያ ረቂቁ ይኸው። መቃብሩ ጋ ታሪኩን በአማርኛና በዕብራይስጥ የሚናገር ሰሌዳ፣ ለተማሪዎች ደግሞ አጭር የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ። እጃችን ላይ ያለው 6,400 ሸቀል ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ለማዘጋጃ ቤቱ ካላስገባን ዘንድሮም አለፈን።

የአምቦበር ተማሪ፦ "የማኅበረሰብ መሪ" ብላችሁ ዝም? ሰውየው እኮ አስተማሪ ነው! ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር ወጥቶ ኢየሩሳሌምና ፍራንክፈርት ተምሮ፣ አዲስ አበባ እነ ታምራት አማኑኤል ለወገኖቻችን በሚመሩት ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስቴር ሥራውን ትቶ ለመንደሮቻችን ትምህርት ቤቶች የለፋ። መዝገበ ቃላቱስ? የበዓላት መቁጠሪያውን አባቴ ምሰሶው ላይ ይለጥፈው ነበር፣ እስከ ፋሲካ በጭስ ጠቁሮ ቀኑ አይነበብም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው በፊደል ነው የሚከፈለው። ይጠር።

የሕይወት ታሪኩን እኔ፦ ጽሑፉን ለኔ ተዉት። እሑድ ይደርሳችኋል።

ከነታንያ፦ አውቶቡሱ ለምንድነው ከረሖቮት የሚነሳው?

ጸሐፊዋ፦ ለምረቃው አንድ ነው የያዝነው። ብዙው አባል እዚያ ነው።

ከነታንያ፦ ብዙ የሚያወራው ማለትሽ ነው። ባለፈውም ሽማግሌዎቻችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው በታክሲ ነው የመጡት፣ ከኪሳቸው።

ከአሽዶድ፦ አሽዶድ የሚባል ከተማም አለ።

ከረሖቮት፦ ባለፈው ነታንያ ዞረን ማንን ነበር የጠበቅነው? ስድስት ባዶ ወንበር ይዘን ሄድን።

ከነታንያ፦ አፍህን ሰብስብ! እናቴ ታማ ነው የቀረችው።

ከረሖቮት፦ እሳቸውን አላልኩም፣ እግዜር ይማራቸው። አምስቱስ?

የአምቦበር ተማሪ፦ ኧረ እፈሩ! በ1955 እና 56 እ.ኤ.አ. ሃያ ሰባት ልጆች ከኢትዮጵያ እዚህ እስራኤል ክፋር ባትያ አዳሪ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ሲማሩ መነሻው ከየት ነው ያለ አልነበረም። ዮና በ1979 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ በሰሜን አሜሪካ አይሁድ ፊት ቆሞ ወገኔን አድኑልኝ ያለ ሰው ነው። እናንተ በወንበር ትጣላላችሁ።

ከነታንያ፦ ጋሼ እርስዎ ኢየሩሳሌም ነው የሚኖሩት፣ አውቶቡስ ምን ያደርግልዎታል?

የቄስ ልጅ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። አባቴና ጓደኞቹ ቄሶች፣ የቤተ እስራኤል ካህናት ማለቴ ነው፣ መቃብር አይገቡም፣ እነሱ ዛሬም የድሮውን የንጽሕና ሥርዓት ነው የሚጠብቁት። ያለ ቄስ ምን መታሰቢያ አለው? በስግድ፣ በዓመታዊው የጸሎት በዓላችን፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይሁን። የዚያን ቀን ሕዝቡ እንደሆነ እዚያው ነው።

ከረሖቮት፦ ይሄ ልጅ ተባረክ።

ከነታንያ፦ እስማማለሁ። ግን ሁለት አውቶቡስ። ስለ እናቴ የተባለውን ትቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት አውቶቡስ ከሆነ ድንጋዩ አይቻልም። ፎቶውን በትልቅ ጨርቅ እናሳትም፣ ለከርሞም ያገለግላል።

ጸሐፊዋ፦ የሕይወት ታሪኩን እጽፋለሁ ያልከው፣ እሑድ ሁለቴ አለፈ። ስልክህም አይነሳም።

የአምቦበር ተማሪ፦ መቃብሩስ?

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ እሱን ለሁለተኛው ዙር አድርገነዋል። የተስተካከለው ይኸው፦ ሁለት አውቶቡስ፣ ጨርቅ ላይ የታተመ ፎቶ፣ ዳቦና ውኃ። ስም የምታስመዘግቡ እስከ ሐሙስ።

ከአሽዶድ፦ ሁለተኛው በአሽዶድ ያልፋል አይደል?